በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ማን ያውቅ ነበር?

የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ላይ ሰንሰለት አይተን የማናውቅ ስንቶቻችን ነን? ጥበቃውን ብንጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ «ሌባ እንዳይወጣበት ነዋ!» ይህ መልስ ዕድሜ ጠገብ ነው። ፍርድ ቤትም ቀርቦ ያውቃል፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኒውዮርክ፣ ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ፣ ሥራ መውጫ ሰዓት። ትራያንግል የሚባለው የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ ከአሥር ፎቅ ሕንጻ ላይ የላይኞቹን ሦስት ፎቆች ይዟል። እሳቱ ከስምንተኛው ፎቅ ተነሣ። ዘጠነኛው ላይ የነበሩት ሠራተኞች ዘግይተው ሰሙ፤ አንዱን ደረጃ እሳትና ጭስ ዘጋው፣ ወደ ሌላው የሚያስወጣው በር ተቆልፏል። 146 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። አሥረኛው ፎቅ ላይ የነበሩት ባለቤቶች፣ ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስ፣ በጣሪያ በኩል አመለጡ።

በሩ የሚቆለፈው ሠራተኞቹ በአንድ በር ብቻ እንዲወጡና ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ነበር። ሃሪስ ራሱ ችሎት ፊት እንዳመነው ግን ተሰረቀ የተባለው ሁሉ ተደምሮ 25 ዶላር አይሞላም!

በሥራ ሰዓት በር መቆለፍን ሕጉ ይከለክል ነበር። ምስክሮች ቀረቡ፤ ከፍርስራሹ የተገኘው ቁልፍ ሳይቀር ለማስረጃነት ቀረበ። ነገሩ ያለቀለት ይመስላል አይደል? ዳኛ ክሬን ግን ለጁሪው አንድ መመሪያ ሰጡ፦ በሩ መቆለፉ ብቻ አይበቃም፣ ባለቤቶቹ በዚያች ሰዓት መቆለፉን ያውቁ እንደነበር መረጋገጥ አለበት። ጁሪው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ነጻ አወጣቸው። ከአባላቱ አንዱ በኋላ እንደተናገረው በሩ መቆለፉን አምኖ ነበር። የቸገረው የባለቤቶቹ ማወቅ ነው።

ይህ አካሄድ ዛሬም ሲነበብ ደም ያፈላል። ባለቤት ከበሩ በራቀ ቁጥር ከወኅኒም ይርቃል ማለት ነው። ብላንክ በ1913 ሌላ ፋብሪካው ውስጥ በር ቆልፎ ተያዘና 20 ዶላር ተቀጣ። በ1914 ደግሞ ባለቤቶቹ ለከሰሷቸው ቤተሰቦች በአንድ ሟች 75 ዶላር ከፍለው ተስማሙ።

ጥያቄው ራሱ እስኪቀየር ሠላሳ ዓመት አለፈ። ኖቬምበር 28 ቀን 1942፣ ቦስተን ውስጥ ኮኮናት ግሮቭ የተባለ የምሽት ክለብ ተቃጠለ። ዋናው ተሽከርካሪ በር በሰው ብዛት ተጣብቆ ቆመ፤ ሌሎች መውጫዎችም ተቆልፈው ነበር። 492 ሰው ሞተ። ባለቤቱ ባርኒ ዌላንስኪ በዚያ ሌሊት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። «አላውቅም» ለማለት ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከወዴት ይመጣል? አልሠራለትም። ከ12 እስከ 15 ዓመት ተፈረደበት። የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1944 አጸናው፦ ሰው ወደ ንግድ ቤቱ የጋበዘ ለደኅንነታቸው የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት፤ ማንም ጤነኛ ሰው የሚያየውን አደጋ እሱ አላየሁም ቢል አያመልጥም። (የእኛም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስለ ቸልተኝነት ሲያወራ፣ ያላወቀውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ የነበረበትንም ይጠይቃል።)

ዌላንስኪ ግን አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በካንሰር ታሞ፣ በይቅርታ ወጣ። ይቅርታውን የሰጡት አገረ ገዥ ሞሪስ ቶቢን ናቸው። ክለቡ ሲቃጠል የቦስተን ከንቲባ ማን ነበሩ? እሳቸው።

ከዚያም 1991፣ ሐምሌት፣ ሰሜን ካሮላይና። የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ ተቃጥሎ 25 ሰዎች ሞቱ። በሮቹ ከውጭ ተቆልፈው ነበር። ምክንያቱ? ዶሮ እንዳይሰረቅ! ባለቤቱ ኤሜት ሮው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ በ1992 ጥፋተኝነቱን አምኖ 19 ዓመት ከ11 ወር ተፈረደበት። አምስት ዓመት ሳይሞላው ተፈታ።