«ጠቋሚ» እና «ቃኚ»፦ ዓይነ ስውራን ማውስን የሚቈጣጠሩባቸው መሣሪያዎች ታሪክና የስያሜ ጥያቄ

መግቢያ

አንድ ቃል ከአንድ ሙያ ወደ ሌላ ሙያ ሲሻገር የሚሸከመው ፍቺ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ለውጡ በመዝገበ ቃላት ሳይመዘገብ ሲቀር ቃሉ ለአንዱ ተጠቃሚ ግልጽ፣ ለሌላው ግን አሻሚ ይሆናል። በእንግሊዝኛ «ከርሰር» የሚባለውና በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ «ጠቋሚ» እየተባለ የሚተረጐመው ቃል ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ይህ ጽሑፍ ዓይነ ስውራን በስክሪን አንባቢ፣ ማለትም በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ወይም በብሬል በሚያቀርብ ፕሮግራም፣ እየተረዱ ማውስን የሚቈጣጠሩባቸው መሣሪያዎች እንዴት እንደተገኙ ባጭሩ ይተርካል። ከታሪኩም በመነሣት ተርጓሚዎች በአንድ ስም የሚጠሯቸው ነገሮች ከአንድ በላይ መሆናቸውን ያመለክታል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. የስሞቹ አመጣጥ

«ከርሰር» ከላቲን የተወረሰ ቃል ሲሆን ጥሬ ፍቺው «ሯጭ» ነው። ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት መሐንዲሶች ለስሌት ይጠቀሙበት በነበረው ተንሸራታች ማስመሪያ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው፣ ቀጭን መስመር ያለበት ብርሃን አሳላፊ ክፍል በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በኮምፒዩተር ገጽ ላይም ቃሉ ቀጣዩ ፊደል የሚጻፍበትን ቦታ ለሚያሳየው ምልክት ዋለ።

ማውስ የመጣው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ዳግላስ ኤንግልባርት ያመነጨውን ሐሳብ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ በ1964 ከእንጨት ቅርፊትና ከሁለት መንኰራኵሮች ሠርቶ አወጣው። መሣሪያው ዲሴምበር 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ በጉባኤ ፊት ታየ። በዚያን ጊዜ በእጅ የሚያዘው ዕቃ «ማውስ»፣ ማለትም «አይጥ»፣ ሲባል በገጹ ላይ የሚንቀሳቀሰው ምልክት ደግሞ «ባግ»፣ ማለትም «ትንሽ ተባይ»፣ ይባል ነበር።

እንግዲህ ዕቃውና ምልክቱ ከመነሻው ሁለት ናቸው። እጅ ዕቃውን ይገፋል፤ ምልክቱ ይሄዳል፤ ትክክለኛው ቦታ መድረሱን የሚያረጋግጠው ግን ዓይን ነው። ዓይን ከዚህ ሰንሰለት ሲወጣ እጅ የሚገፋው ዕቃ ወዴት እንደ ደረሰ የሚነግረው የለም። ቀጥሎ የሚተረከው ታሪክ ይህን የጐደለ ሰንሰለት በሌላ ነገር ለመተካት የተደረገ ጥረት ነው።

2. የመጀመሪያው መለያየት

በ1980ዎቹ በዶስ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ገጽ እንደ ተሰመረ ደብተር ነበር። በተለመደው አሠራር 25 መስመርና 80 ዓምድ፣ በድምሩ 2,000 የፊደል ቦታ ነበረው። በእያንዳንዱ ቦታ ያለው ፊደል በማስታወሻ ክፍሉ ውስጥ በፊደልነቱ ስለሚገኝ ፕሮግራም ሊያነበው ይችላል። በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጂም ታቸር በ1986 የወጣውን ስክሪን አንባቢ ያዘጋጀው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

በዚሁ ዘመን አንድ ችግር ጐልቶ ታየ። በሃያኛው መስመር ላይ በመጻፍ ላይ ያለ ዓይነ ስውር ሦስተኛውን መስመር መልሶ ማንበብ ቢፈልግ፣ መጻፊያ ምልክቱን ይዞ ከሄደ የሚጽፍበትን ቦታ ይለቃል። ስለሆነም መጻፊያው ባለበት ሳለ ገጹን ዞሮ የሚያነብ ሁለተኛ ምልክት አስፈለገ። ሁለተኛውም ዞሮ ዞሮ «ከርሰር» ተባለ። አንዱ ስም ለሁለት ነገር የዋለው እንዲህ ነው።

3. ፊደል ሥዕል ሲሆን

አፕል ኩባንያ በ1984 ያወጣው ማኪንቶሽ በአግድም 512፣ በቁም 342 ነጥብ ያለው ገጽ ነበረው። በዚህ ገጽ ላይ ፊደል የነጥቦች ሥዕል እንጂ ተለይቶ የተቀመጠ ፊደል አይደለም። በዚህ ላይ ብዙው ሥራ ማውስን አነጣጥሮ በመጫን የሚፈጸም ሆነ። ለዓይነ ስውራን ይህ እርምጃ የተከፈተ በር እንደገና መዘጋት ነበር።

በርክሌይ ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1989 ለማኪንቶሽ ያወጣው አውትስፖክን ይህን በር ከከፈቱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ኮምፒዩተሩ ፊደል ለመሣል የሚሰጠውን ትእዛዝ ገጹ ላይ ከመድረሱ በፊት እየያዙ፣ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ነጥብ ላይ እንዳለ የሚያሳይ የተሰወረ መዝገብ ያዘጋጃሉ። ተጠቃሚው በቍጥር ቍልፎቹ አማካይነት የማውሱን ምልክት ከቃል ወደ ቃል ያዛውራል፤ ምልክቱም የደረሰበት ቃል ይነበብለታል። የዓይንን ሥራ ጆሮ ወረሰ ማለት ነው።

በመኪና አደጋ ዓይኑን ያጣው ቴድ ሄንተር የመሠረተው ሄንተር ጆይስ ኩባንያ ደግሞ ጆዝ የተባለውን ስክሪን አንባቢ በ1989 ለዶስ፣ በ1995 ለዊንዶውስ አወጣ። የስሙ ምሕጻር ሲፈታ «በንግግር አማካይነት ሥራ ማግኘት» እንደ ማለት ነው። የተያዘው ጉዳይ እንጀራ መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ጆዝ ለዊንዶውስ ምልክቶቹን በየስማቸው ለየ፤ «ፒሲ ከርሰር» ከመጻፊያው ጋር ሲሄድ፣ «ጆዝ ከርሰር» ከማውሱ ምልክት ጋር ይታሰራል፤ «የማይታየው ከርሰር» ደግሞ ሁለቱንም ሳይነካ ገጹን ያስሳል።

4. ቅጥያዎች

በ2006 አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ ስክሪን አንባቢ ማዘጋጀት ጀመረ። ይህ ፕሮግራም ማውሱ ሲንቀሳቀስ ድምፅ እንዲያሰማ ሊደረግ ይችላል፤ ምልክቱ ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁም በዚያው ጐን ይሰማል። ተጠቃሚው የቃኘውን ነገር ካገኘ በኋላም የማውሱን ምልክት ወደዚያው ጠርቶ በቍልፍ ሰሌዳው መጫን ይችላል።

ፕሮግራሙ ምንጩ ክፍት ስለሆነ ሌሎች ሰዎች የጐደለውን የሚሞሉ ቅጥያዎች ይሠሩለታል። «ቅጥያ» የሚለውን ስም የምንመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰዋስው ቅጥያ ብቻውን አይቆምም፤ ከቃል ጋር ሲጣበቅ ግን ቃሉ ቀድሞ የማይገልጸውን ያስገልጸዋል። የእነዚህም ጠባይ እንዲሁ ነው።

ከቅጥያዎቹ አንዱ ጎልደን ከርሰር የተባለው ነው። ይህ ቅጥያ የማውሱን ምልክት ተጠቃሚው በወሰነው የነጥብ ርቀት በቀስት ቍልፎች ያንቀሳቅሳል፤ ምልክቱ የቆመበትን ነጥብ በቍጥር ይናገራል፤ ከሁሉም በላይ አንድ ጊዜ የተገኘን ቦታ ስም ሰጥቶ ለየፕሮግራሙ ለይቶ ያስቀምጣል። ለቍልፍ ሰሌዳ የማይታዘዝ፣ ስምም ያልተጻፈበት አዝራር ያለው ፕሮግራም በሥራ ቦታ ለሚገጥመው ሰው ይህ ታላቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ የሚቀመጠው ቦታው እንጂ አዝራሩ አይደለም። መስኮቱ ስፍራውን ሲለውጥ የተቀመጠው ነጥብ ባዶ ሜዳ ላይ ወይም በሌላ አዝራር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ቅጥያው የፕሮግራም ሠሪዎችን ጕድለት ያስታግሣል እንጂ አያድንም።

5. የአማርኛው ስያሜ

ኤንቪዲኤ ከተተረጐመባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ይገኛል። በመሆኑም የስያሜው ጥያቄ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። «ጠቋሚውን ወደ አዝራሩ አንቀሳቅስ» የሚል መመሪያ የትኛውን ምልክት ማለቱ ነው? የሚያይ አንባቢ የተርጓሚውን ጕድለት ገጹን አይቶ ያርመዋል። ዓይነ ስውር አንባቢ ግን በእጁ ያለው ቃሉ ብቻ ነው፤ ቃሉ ካሳሳተው የማይፈልገውን አዝራር ይጫናል።

ስለሆነም የሚከተለውን ልዩነት ለአንባብያን እናቀርባለን። ለዕቃው «ማውስ» ሥር የሰደደ በመሆኑ ይቆይ፤ «አይጥ» እና መዳፍን የሚያስታውሰው «መዳፊት»ም በአቻነት ይመዝገቡ። ቀጣዩ ፊደል የሚገባበት ምልክት «መጻፊያ» ይባል። «ጠቋሚ» ለማውሱ ምልክት ብቻ ይወሰን፤ አንድን ነገር ለይቶ ማመልከት ተግባሩ ነውና። ሌላውን ሳያንቀሳቅስ ገጹን የሚያነበው ደግሞ «ቃኚ» ይባል። ቃኚ ጦሩ በሰፈረበት ሳለ ቀድሞ ሄዶ አገሩን ሰልሎ ወሬ የሚያመጣ ነው፤ ይህም የምልክቱን ጠባይ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገልጸዋል። «ቃኝ» ከሚለው ትእዛዝም «ቅኝት» የሚለውን የድርጊት ስም በቀላሉ እናገኛለን።

ማጠቃለያ

የእንግሊዝኛው ቃል በአንድ ስም ሥር ብዙ ነገሮችን ያከማቸው በታሪክ አጋጣሚ ነው፤ ዘርዝሮ መለየት ሲያስፈልግ ቅጽል እየደረበ ተወጥቶታል። አማርኛ ይህን ሸክም የመውረስ ግዴታ የለበትም። «ቃኚውን ወደ አዝራሩ ውሰድ፤ ጠቋሚውን ወደ ቃኚው ጥራ፤ ከዚያም ተጫን» የሚል መመሪያ የሰማ ሰው እጁ የት እንዳለ ያውቃል። ተርጓሚዎች ስያሜዎቹን በሥራ ላይ አውለው የሚሻለውን ቢያመለክቱ ወይም እነዚህኑ ቢያጸኑ፣ ለመዝገበ ቃላቱ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ለተቀመጠው ዓይነ ስውርም ይበጃል።