በረዶ የሌለበት አንሸራታች መንገድ፦ በአል ኹበርና በደማም በቀዝቃዛው ወራት ማሽከርከር

በኢትዮጵያ ክረምት ሲባል ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው የዝናብ ጊዜ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክልል ግን ዝናብ የሚጥለው በአመዛኙ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል፣ አገር ቤት በጋ በሚሆንበት ወቅት ነው። መንገድ በበረዶ የሚሸፈነው በተቡክ ክልል እንደሚገኘው ጀበል አል-ለውዝ ባሉ የሰሜን ምዕራብ ተራሮች ላይ ነው። በደማምና በአል ኹበር የአሽከርካሪው ፈተና እርጥብ አስፋልትና ጭጋግ ናቸው።

የመጀመሪያው ዝናብ

በረጅሙ የበጋ ሙቀት አስፋልቱ ላይ አቧራ፣ የሞተር ዘይትና የጎማ ብናኝ ይከማቻል። የመጀመሪያው ካፊያ ይህን አጥቦ አይወስደውም፤ ከውኃ ጋር ለውሶ ቀጭን አንሸራታች ሽፋን ያደርገዋል። ስለዚህ ከከባድ ዝናብ ይልቅ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይበልጥ አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። አደባባይ፣ መታጠፊያና የትራፊክ መብራት አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ፍጥነትና ርቀት

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናው ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚጓዘው ርቀት በአራት እጥፍ ያድጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ብቻ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደረቅ መንገድ ከፊት ካለው መኪና ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት የሚጠብቅ አሽከርካሪ፣ በእርጥብ መንገድ ወደ አራት ሰከንድ ማሳደግ ይገባዋል። የአሠሪ ጥድፊያም ሆነ የሥራ መግቢያ ሰዓት ፍሬኑ የሚፈልገውን ርቀት አያሳጥረውም።

ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቀውን ክሩዝ ኮንትሮል በዝናብ ጊዜ ማጥፋት ተገቢ ነው።

መኪናው ሲንሸራተት

ጎማው ከአስፋልቱ ተለይቶ በውኃ ላይ ሲንሳፈፍ መሪው በድንገት ይቀላል። በዚህ ጊዜ እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብሎ ማንሳት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝና ጎማው መሬት እስኪይዝ ፍሬን አለመርገጥ ያስፈልጋል። የኋላው ጎማ ወደ ጎን ከወጣ መሪውን በዝግታ መሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ማዞር ይገባል። ኤቢኤስ ያለው መኪና በአስቸኳይ ማቆም ካስፈለገ ፍሬኑ በጽኑ ተረግጦ ይያዛል፤ ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥ ሥራውን እየሠራ ነውና እግርን ማንሳት አይገባም።

ጭጋግ

በጣርማ በር ጭጋግ ያለፈ ሰው ዕይታ በድንገት እንደሚጠፋ ያውቃል። በባሕሩ ዳርና እ.ኤ.አ. በ1986 በተከፈተው 25 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ላይም፣ በተለይ ሌሊትና ማለዳ፣ ጭጋግ ሊወርድ ይችላል። ረጅሙ መብራት በጭጋጉ ላይ ተንጸባርቆ ዕይታን ስለሚያሳንስ አጭሩን መብራትና የጭጋግ መብራቱን ማብራት ይሻላል። ማቆም ግድ ከሆነ ከመንገዱ ፈጽሞ ወጥቶ አራቱን ፍሬቻዎች ማብራት ያስፈልጋል።

የተጥለቀለቀ መንገድ

«ነፈቅ» የሚባሉት ከድልድይ ሥር የሚያልፉ መንገዶች በከባድ ዝናብ ፈጥነው ይሞላሉ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ብዙ ትናንሽ መኪኖችን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ወራጅ ውኃ ደግሞ አብዛኞቹን ሊወስድ ይችላል። ጥልቀቱ ያልታወቀ ውኃ ከታየ መመለስ እንጂ መሞከር አይገባም። በጎርፍ ጊዜ ሸለቆ ማቋረጥም በሕግ ያስቀጣል።

ከወቅቱ በፊት

የበጋው ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክና ጎማውን ያደርቃል። የጎማው ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ መቀየር አለበት። በጎማው ጎን ያለው ባለአራት አኀዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያል፤ ለምሳሌ 2522 ማለት የ2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 25ኛ ሳምንት ነው። መኪናው የአሠሪ ከሆነ ሹፌሩ ጉድለቱን ከጉዞ በፊት ማሳወቅ አለበት።

ከመውጣት በፊት የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ማዕከልን ማስጠንቀቂያ መመልከት ይጠቅማል። አደጋ ከደረሰ በምሥራቃዊ ክልል የተቀናጀው የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥር 911 ነው። ደዋዩ የመንገዱን ስም፣ የጉዞውን አቅጣጫና በቅርብ ያለፈውን መውጫ ቢናገር እርዳታው ፈጥኖ ይደርሳል።