ግፊትን ከሙቀት የመለየት ታሪክ፦ የአንድ ስኒ ቡና ማሽን አመጣጥ

ስለ ቡና ማሽን አመጣጥ የተጻፉ መጻሕፍትና መጣጥፎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰው ስም ይጀምራሉ፤ በየትኛው ስም እንደሚጀምሩ ግን አይስማሙም። አንዱ የቶሪኖውን አንጀሎ ሞሪዮንዶን፣ ሌላው የሚላኑን ሉዊጂ ቤዜራን፣ ሦስተኛው አኪሌ ጋጂያን «የመጀመሪያው» ይላል። ሦስቱም በስማቸው የተመዘገበ ፓተንት አላቸው። ስለዚህ ክርክሩ ከሰነድ እጦት የመጣ ሳይሆን «የምን የመጀመሪያ?» ብሎ አስቀድሞ ካለመጠየቅ የመጣ ነው። እኛ መዝገቡን የምንመዝነው ውሃውን በተፈጨው ቡና ውስጥ እንዲያልፍ የሚገፋው ኃይል ከየት እንደሚመጣ በመጠየቅ ይሆናል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በጊዜ ቅደም ተከተል የሚቀድመው ሞሪዮንዶ ነው። በቶሪኖ ሆቴልና ቡና ቤት የነበረው ይህ ነጋዴ ፓተንቱን ያስመዘገበው ግንቦት 16 ቀን 1884 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በከተማዋ በተካሄደው አጠቃላይ ኤግዚቢሽን ላይ የነሐስ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ማሽኑ በትልቅ ቦይለር ውስጥ የታመቀውን እንፋሎት ተጠቅሞ ውሃውን በብዙ ቡና ውስጥ ያሳልፋል፤ የውሃውና የእንፋሎቱ አቅርቦት ለየብቻ መቆጣጠሪያ ነበረው። ፓተንቱን ከተረሳበት አውጥቶ ያስተዋወቀው የቡና ታሪክ ጸሐፊ ኢያን በርስተን ለዚህ ማሽን ቀዳሚነትን ሲሰጥ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም የሞሪዮንዶ ማሽን ቡናን የሚያወጣው በጅምላ ነበር፤ ለአንድ ሰው አንድ ስኒ ማዘጋጀት የንድፉ ዓላማ አልነበረም። ባለቤቱም ለገበያ በስፋት ከማምረት ይልቅ ለራሱ ድርጅቶች ስለተጠቀመበት፣ ስሙ ለረጅም ጊዜ ከታሪኩ ጠፍቶ ቆይቷል።

«አንድ ስኒ» የሚለው አሳብ በብረት ተሠርቶ የምናገኘው ቤዜራ ዘንድ ነው። በ1901 ባስመዘገበው ፓተንት ላይ ማሽኑ ቡናን አዘጋጅቶ ወዲያው ለማቅረብ እንደታሰበ ርእሱ ራሱ ይናገራል። ወሳኙ ክፍል ቦይለሩ አይደለም፤ እጀታ ያለውና ተነቃይ የሆነው ትንሽ ማጥለያ ነው። አስተናጋጁ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ቡና ይሞላበታል፣ ከማሽኑ ራስ ጋር አዙሮ ይቆልፈዋል፣ ከሥሩ ስኒ ያስቀምጣል። ቤዜራ ማሽኑን የሠራው የሠራተኞቹን የቡና እረፍት ለማሳጠር ነው የሚለው በየቦታው የሚደጋገም ተረክ ደስ የሚል ቢሆንም፣ ፓተንቱ ስለ ሠራተኛም ሆነ ስለ እረፍት አያነሳም፤ እኛም እንደ ማስረጃ አንቆጥረውም።

መብቱን ከቤዜራ የገዛው ደሲዴሪዮ ፓቮኒ ነው። ግዢው በአንዳንድ ጽሑፎች 1902፣ በሌሎች 1903 ይባላል፤ በ1905 በሚላን በስሙ ማምረት መጀመሩ ግን አያከራክርም። ማጥለያው ሲፈታ የታመቀው እንፋሎት በአስተናጋጁ ላይ እንዳይፈነዳ የሚያስተነፍሰው ቫልቭ የሚነገረውም ለእርሱ ነው። በ1906 በሚላን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ማሽኑ ለሕዝብ ቀረበ። ቤዜራ የፈጠረውን ፓቮኒ ለገበያ አበቃው ብንል ለሁለቱም ፍትሐዊ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብዙ ተራኪዎች የሚዘሉትን የፊዚክስ ገደብ ማየት ይገባናል፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ያለ እርሱ አይገባምና። በተዘጋ ቦይለር ውስጥ የእንፋሎት ግፊትና የውሃ ሙቀት የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን ሳይጨምሩ ሌላውን መጨመር አይቻልም። የእነዚያ ማሽኖች ግፊት ከከባቢ አየር በላይ ወደ 1.5 ባር ገደማ ነበር። በዚህ ግፊት የታመቀ ውሃ ወደ 127 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ቡና ሳይመር የሚወጣው ግን ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ዛሬ የኤስፕሬሶ መለኪያ የሆነውን 9 ባር በእንፋሎት ብቻ ለማግኘት ቢሞከር ቦይለሩ 180 ዲግሪ ገደማ መሞቅ ነበረበት። እንግዲህ የዚያ ዘመን ቡና የማረርና የመምረር ስሞታ የአስተናጋጁ ጥፋት አልነበረም። ኃይል በጨመረ ቁጥር ቡናውን የሚያቃጥል ማሽን በማሻሻል አይድንም፤ ግፊቱ ከእሳቱ መላቀቅ ነበረበት።

መላቀቂያውን የፈለጉ ብዙዎች ናቸው። ፍራንቸስኮ ኢሊ በ1935 በእንፋሎት ፈንታ የታመቀ አየር የሚጠቀም ማሽን ሠራ። ዘላቂውን መፍትሔ ያመጣው ግን በሚላን ቡና ቤት የነበረው ጋጂያ ነው። የእርሱ ድርሻ ላይ ምንጮቹ ይለያያሉ። የንግድ ስሙን የሚያወድሱ ጽሑፎች የ1938ቱን ፓተንት ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሲሰጡ፣ ሌሎች ደግሞ የፒስተኑ አሳብ ክሬሞኔዚ ከተባለ የሚላን ሰው እንደመጣና ጋጂያ መብቱን ከሟቹ ከክሬሞኔዚ ሚስት እንደገዛ ይገልጻሉ። ሁለተኛው አተራረክ ሚዛን ይደፋል እንላለን። የ1938ቱ ንድፍ ውሃውን የሚገፋው በጥምዝ ብሎን ሲሆን፣ ታሪክ የለወጠው ግን በ1947 የተመዘገበው ባለሞላው ማንሻ ነው። የመጀመሪያው አሳብ ከሌላ ቢመጣም የጋጂያ ስም በሞላው ጸንቶ ይቆማል።

አሠራሩን በቅርብ እንየው። አስተናጋጁ ረጅሙን ማንሻ ወደ ታች ሲስበው በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ወደ ላይ ይነሣል፣ ጠንካራው ሞላ ይታመቃል፣ ከቦይለሩ የመጣ ሙቅ ውሃ ከፒስተኑ በታች ይገባል። ማንሻውን ሲለቀው ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ውሃውን ከ8 እስከ 10 ባር በሚደርስ ግፊት በቡናው ውስጥ ያሳልፋል። የእሳቱ ሥራ ከእንግዲህ ማሞቅ ብቻ ሆነ። ውጤቱም ሁለት ነው፦ በስኒው ላይ ክሬማ የሚባለው ወርቃማ አረፋ ታየ፤ የስኒው መጠን ደግሞ ሲሊንደሩ በሚይዘው ውሃ ተወሰነ። የኤስፕሬሶ ትንሽነት ከጠጪው ምርጫ ይልቅ ከሲሊንደሩ ስፋት የመነጨ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም።

በ1961 ፋኤማ የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ ስሙን የወሰደውን ኢ61 የተባለ ማሽን ሲያወጣ፣ የክንድና የሞላን ሥራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተረከበው። ውሃው ከቦይለሩ ተቀድቶ መውጣቱ ቀርቶ፣ ከቧንቧ እየመጣ በቦይለሩ ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ ሲያልፍ መሞቅ ጀመረ።

የካፕሱል ማሽኖች የዚሁ ቤተሰብ ታናናሾች ናቸው። የኔስሌ መሐንዲስ ኤሪክ ፋቭር በ1976 ፓተንቱን ሲያገኝ መነሻው በሮም ቡና ቤት ያየው የአየር ሚና እንደነበረ ተርኳል፤ ሌሎች ዘገባዎች ኩባንያው ከዚያ ቀደም ሲል በ1974 ከጄኔቫው የባቴል የምርምር ተቋም አንድ ንድፍ መግዛቱን ያነሳሉ። ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለንም፤ የኋለኛው የኩባንያውን ፍላጎት፣ የፊተኛው የመሐንዲሱን መፍትሔ ያስረዳል። ከዚህ የተወለደው የኔስሌ ካፕሱል ማሽን፣ ኔስፕሬሶ፣ ለገበያ የቀረበው በ1986 ነው። ማሽኑ ካፕሱሉን ከአንድ ወገን ይበሳዋል፤ ግፊቱ ሲበረታ የሌላው ወገን ስስ ብረት በጥርሳማ ሳህን ላይ ተወጥሮ ይቀደዳል። ግፊቱን የሚሰጠው በማግኔት የሚመላለስ ትንሽ ፒስተን ያለው ፓምፕ ነው፤ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 15 ወይም 19 ባር የፓምፑ የመጨረሻ አቅም እንጂ በቡናው ላይ የሚያርፈው ግፊት አይደለም። በ1998 ወደ ገበያ የገባው የአሜሪካው ኩሪግ ግን በመልክ ቢመሳሰልም በዘር ይለያል፤ የፕላስቲክ ኩባያውን ከላይና ከታች በመርፌ በስቶ በዝቅተኛ ግፊት የሚያጠልል እንጂ ኤስፕሬሶ የሚያወጣ አይደለም።

ይህ ታሪክ ከእኛም ጋር ይገናኛል። ቡና ከጀበና የሚቀዳባት አገራችን «የማሽን ቡና» የሚባለውን፣ ከነማኪያቶው፣ የተቀበለችው ከጣሊያኖች ነው፤ ቶሞካ የተባለው ቡና ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1953፣ የጋጂያ ባለሞላ ማሽን በጣሊያን ገበያ በተስፋፋበት ዘመን ነበር። የትኛው ማሽን በየትኛው ዓመት ወደ የትኛው ከተማ እንደገባ የሚመሰክሩት የጉምሩክ ወረቀቶች፣ የግዢ ደረሰኞችና በማሽኖቹ ጀርባ የተመቱት ስመ ሳህኖች ናቸው። አሮጌ ባለማንሻ ማሽን በመጋዘን ያላችሁ የቡና ቤት ባለቤቶች ለቁራሌው ከመሸጣችሁ በፊት የአምራቹን ስም፣ ተከታታይ ቁጥሩንና የተሠራበትን ዓመት ፎቶ አንሥታችሁ እንድታስቀምጡልን እንጠይቃለን።