የጓሮው ሙግት፦ ጭሰኛና ባለርስት በቡና አገር

«ጭሰኛ» የሚለው ቃል ከጭስ የመጣ ነው። በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ እሳት አንድዶ፣ ጭሱ ከዚያ መሬት የሚወጣ ሰው ማለት ነው። ቃሉ ስለ ማሳው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው። ይሁን እንጂ በዘመነ ባላባት የነበረው የመሬት ውል በተቃራኒው ስለ ማሳው ብቻ ይናገርና ቤቱን፣ በተለይም ከቤቱ በስተጀርባ ያለውን ጓሮ፣ ሳይጠቅሰው ያልፍ ነበር። ለብዙ ዓመታት በጭሰኛና በባለርስት መካከል የተነሣው ሙግት ከዚህች ክፍተት ውስጥ የበቀለ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

እንደሚታወቀው ውሉ በአብዛኛው በቃል የሚደረግ ነበር። ጭሰኛው መሬት ለማግኘት ሲሄድ «መተያያ» የሚባል እጅ መንሻ ይዞ ይቀርባል፤ ባለርስቱ ወይም ወኪሉ ይቀበለዋል፤ ከዚያም የምርቱ ድርሻ ይነገራል። እርቦ ከሆነ አራተኛው እጅ፣ ሲሶ ከሆነ ሦስተኛው እጅ፣ በሬና ዘር ከባለርስቱ የመጣ እንደሆነ ደግሞ እኩል። ከዚህ ሌላ አሥራቱን የሚከፍለው ጭሰኛው ነበር። አሥራት በሕግ የባለርስቱ ግብር ሲሆን በተግባር ግን ሸክሙ የወደቀው በአራሹ ትከሻ ላይ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ አሥራት ከቀረ በኋላ እንኳ ብዙ ባለርስቶች ከጭሰኞቻቸው አሥራት መሰብሰባቸውን አላቆሙም። በበዓል በግ ወይም ማር፣ በክረምት የአጥር ሥራ፣ በበጋ የማገዶ ሸክም፣ ለሚስቲቱ ደግሞ የባለርስቱን እህል መፍጨት የሚባለው ሁሉ በምንም ወረቀት ላይ ያልሰፈረ፣ ግን ማንም የማይዘነጋው ግዴታ ነበር።

ጓሮው በዚህ ሁሉ መካከል የቤተሰቡ መተንፈሻ ሆኖ ቆየ። ጎመን፣ ዱባ፣ ቃሪያ፣ ጌሾ፣ በደቡቡና በደቡብ ምዕራቡ አገር ደግሞ እንሰት፣ ቡናና ሸንኮራ አገዳ የሚበቅሉት እዚያ ነው። ጓሮው በአብዛኛው የሴቲቱ ሥራ ነበር። የከብቱን ፍግ የምታወጣው፣ አመዱን የምትበትነው፣ እንሰቱን የምትፍቀው እርሷ ነች። የማሳው ምርት በአውድማ ላይ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ልጆቹ የሚበሉት ከዚህ ነበር። ባለርስቶችም ለረጅም ጊዜ ጓሮውን ዐይተው እንዳላዩ ያልፉት ነበር። ይህ ግን ከደግነት ብቻ የመጣ አልነበረም። ከጓሮ የሚወጣው ነገር ወደ ገበያ የማይሄድ፣ በቁና የማይሰፈር፣ ለክፍያም የማይመች ስለነበረ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ቡና ገንዘብ ሲሆን ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በተለይም በ1940ዎቹ፣ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ እየናረ ሄደ። ቡና ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሸፍን ሸቀጥ ሆነ። ትናንት ለእንግዳ ማስተናገጃ የተተከለችው ጥቂት እግር ቡና ዛሬ ነጋዴ በራፍ ድረስ መጥቶ የሚጠይቃት ሆነች። ያን ጊዜ የባለርስቱ ወኪል ዐይኑን ከማሳው አንሥቶ ወደ ጓሮው መለሰ፤ እግሩን መቁጠርም ጀመረ።

ክርክሩ በየአካባቢው በአንድ ዓይነት ቃል ይካሄድ ነበር። ጭሰኛው «ጌታዬ፣ በእርቦ የገባሁት ለማሳው ነው፤ ጓሮው በቃላችን ውስጥ የለም» ይላል። የባለርስቱ መልስ ደግሞ አጭር ነው፦ «ቡናው የበቀለው በማን መሬት ላይ ነው?» ሁለቱም በራሳቸው በኩል እውነት አላቸው። ሆኖም አንደኛው እውነቱን የሚያስፈጽምበት ኃይል ነበረው፤ ሌላው አልነበረውም። የአጥቢያ ዳኝነቱን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ራሱ ባላባቱ ወይም ባለመሬቱ በመሆኑ ጭሰኛው አቤት የሚለው በተከሳሹ ፊት ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ አልፎ ወደ ወረዳ ወይም ወደ አውራጃ ለመሄድ ስንቅ፣ ጠበቃ፣ የማመልከቻ ጸሐፊ ገንዘብ ያስፈልጋል። በቃል የተደረገ ውል ደግሞ ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክሮቹም የዚያው ባለርስት ጭሰኞች ናቸው።

በዚህ ላይ የዛፍና የእህል ልዩነት አለ። ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ላየው የሙግቱ እምብርት ይህ ነው። ጤፍና በቆሎ በአንድ ዓመት ውስጥ ተዘርተው ይታጨዳሉ፤ የጭሰኝነት ውሉም ከዓመት ዓመት የሚታደስ ነበር። ቡና ግን ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያም ለብዙ አሥርት ዓመታት ይለቀማል። እንሰትም ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ አገሩ ከፍታ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ጓሮ የሚተክል ጭሰኛ ለአንድ ዓመት ብቻ በተፈቀደለት መሬት ላይ የብዙ ዓመት ሥራ ይቀብር ነበር። ባለርስቱ ቡናው ፍሬ ሊይዝ ሲል «ልቀቅ» ቢለው ሥራው ሁሉ ለሌላ ይቀራል። በሌላ በኩል ባለርስቱም የራሱ ፍርሃት ነበረው። ቋሚ ተክል የተከለ ሰው ውሎ አድሮ «ይህ የእኔ ነው» ማለቱ አይቀርም ብሎ ያምናል። በመሆኑም በብዙ ቦታ ጭሰኛ ያለፈቃድ ዛፍ እንዳይተክል ይከለከል ነበር። አንዲት የቡና ችግኝ ለአንዱ የነገ እንጀራ፣ ለሌላው ደግሞ የክስ ማስረጃ ሆና ትታይ ነበር።

ሌላው የበደል መንገድ ግምት ነበር። ገማች መጥቶ የምርቱን መጠን በዐይኑ ሳይገምት ጭሰኛው እንዳይለቅም ወይም እንዳያጭድ ይታዘዛል። ገማቹ በዘገየ ቁጥር የቀላው ቡና ከእግሩ ሥር ይረግፋል፤ ወፍና ዝናብ ይካፈሉታል። ግምቱ ግን የረገፈውን ጭምር ነው። ከፍ ተደርጎ ከተገመተ ጭሰኛው ያላገኘውን ምርት ድርሻ ከሌላ ገዝቶ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር።

ይህ ሁሉ በተለያየ መልክ በመላው የደቡብ አገር ይታይ ነበር። ምንጩም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተካሄደው የግዛት መስፋፋት በኋላ መሬቱ በቃላድ እየተለካ ለሹማምንት፣ ለወታደርና ለባላባት መከፋፈሉ ነው። ኢሉባቦርንና ከፋን በመሳሰሉ ጠቅላይ ግዛቶች ከአራሹ ከግማሽ በላይ የሆነው ጭሰኛ ነበር። በሰሜኑ የርስት አገር ሁኔታው የተለየ ቢሆንም እዚያም ርስት እንዳይዙ የተከለከሉ ሙስሊሞች፣ ቤተ እስራኤላውያንና የእጅ ባለሙያዎች በሰው መሬት ላይ የሚኖሩ ጭሰኞች ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እርሻ ኪራይ ብዙ አንቀጾች ቢኖሩትም የባለርስቱ ድርሻ እስከ ሦስት አራተኛ እንዲደርስ የሚፈቅድ በመሆኑ ለአራሹ መጠጊያ ሊሆን አልቻለም።

በዚያው በ1952 ዓ.ም. የጓሮው ሙግት በጌዴኦ ወደ ደም አመራ። አካባቢው ያን ጊዜ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የደራሳ አውራጃ ይባል ነበር። የጌዴኦ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ እንሰቱን፣ ቡናውንና እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉትን ትልልቅ ዛፎች በአንድ ላይ ደራርቦ የሚያለማ ነው። እዚያ አገር «ማሳው የት ያበቃል፣ ጓሮው የት ይጀምራል» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ሁሉም ጓሮ ነው። ስለዚህ ባለርስቶቹ ከቡናው ድርሻቸውን ከፍ አድርገው ሲጠይቁ የነኩት የገበሬውን አንድ ጥግ ሳይሆን መላ ኑሮውን ነው። ገበሬው «አንሰጥም» ብሎ ተነሣ። ሚችሌ በተባለው ቦታ ላይ ጦርና ጎራዴ የያዘው ገበሬ ጠመንጃ ከያዙት ጋር ገጠመ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። አመፁ በመንግሥት ኃይል ተደመሰሰ። በዋና ከተማው ወሬው ብዙም ሳይሰማ ቀረ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ገና ሳይገባ፣ መፈንቅለ መንግሥት የሚያሰናዱት ሰዎች እንኳ ስለ ሚችሌ ምን ያህል ያውቁ እንደነበር መገመት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ የመሬት ጥያቄ ወደ አደባባይ ወጣ። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የባለርስትንና የጭሰኛን ግንኙነት በሕግ ለመወሰን ረቂቅ ተዘጋጅቶ ለፓርላማ ቀረበ። ፓርላማው የባለርስቶች ፓርላማ ስለነበረ ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። በጪላሎ ደግሞ ከስዊድን ጋር በመተባበር በ1960 ዓ.ም. የተጀመረው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ያልታሰበ ውጤት አመጣ። መሬቱ በማዳበሪያና በተሻሻለ ዘር ምርታማ ሲሆን ባለርስቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስነሣ። ሲነሡ ጎጆውም ጓሮውም አብሮ ይታረሳል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። በአዋጁ መሠረት የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነት ቀረ፤ ጭሰኛው ከኪራይና ከባለርስቱ ዕዳ ነጻ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት እንዲሰጥ ተወሰነ፤ መሸጥ፣ ማከራየትና ማስያዝ ተከለከለ። በ800 ሄክታር ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። የወሩን ነገር ማስተዋል ይገባል። የካቲት ቡናው ተለቅሞ ያለቀበት፣ ለበልግ መሬት የሚሰናዳበት ጊዜ ነው። በቡና አገር ብዙ ቤተሰብ ያን ዓመት የተከለውን ችግኝ ማንንም ሳያስፈቅድ ተከለ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን አላበቃም። በ1971 ዓ.ም. የወጣው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ማኅበራቱን በሦስት ደረጃ ከፈላቸው። ማልባ በሚባለው በመጀመሪያው ደረጃ መሬቱ በጋራ ሲሆን አባሉ ለግሉ እስከ 2000 ካሬ ሜትር ይቀርለታል። ወልባ ሲደርስ ወደ 1000 ካሬ ሜትር ይወርዳል። በመጨረሻው፣ ወላንድ በሚባለው ደረጃ፣ የግል ይዞታ ጨርሶ ይቀራል። በቀላል አነጋገር ደረጃው የሚለካው ጓሮው በጠበበ መጠን ነበር። የቀድሞው ጭሰኛ ባለርስቱ ቆጥሮ የተወለትን እግር ቡና ሊቀመንበሩ ሲቆጥርበት ምን እንደተሰማው ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። በዚያ ላይ የቡናው ዋጋ በመንግሥት ይወሰን ነበር፤ የመንደር ምሥረታው ደግሞ በብዙ ቦታ ገበሬውን ካለማው ጓሮ አርቆ አሰፈረው። በሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ጥቂት አይደለም። ይህም ያለ ጦርና ያለ ጎራዴ የተሰጠ መልስ ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አምራች ማኅበራቱ በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ አባላቱም መሬቱን ተከፋፍለው ወደየግል እርሻቸው ተመለሱ።

«ኅብረት ሥራ» የሚለው ስም ከዚያ በኋላ በገበሬው ጆሮ መልካም ድምፅ አልነበረውም። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ዓለም አቀፍ መርሆዎችን ተከትሎ አባልነት በፈቃድ እንዲሆን፣ አባሉም መሬቱን ሳይሆን ዕጣውንና ምርቱን ይዞ እንዲገባ ያደረገው ይህን ቁስል በማየት ጭምር ነው። በ1990ዎቹ የኦሮሚያ፣ የሲዳማና የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች የተመሠረቱት በዚህ አዋጅ ላይ ቆመው ነው። ዛሬ ከአገሪቱ የቡና ምርት ግማሽ ያህሉ የሚገመተው የጓሮ ቡና የሚባለው ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ያ ሁሉ ጓሮ የሆነ አገር፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ይህ ማለት ግን በመሬት ላይ ውል የሚገቡ ሁለት ወገኖች ጠፍተዋል ማለት አይደለም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባለይዞታው መሬቱን ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት ይችላል፤ እኩልና ሲሶም በስማቸው ሳይቀር ተመልሰዋል። የተገለበጠው የሰዎቹ ሁኔታ ነው። ዛሬ መሬት ሰጪዋ ብዙ ጊዜ በሬ የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት ወይም አቅም ያነሳቸው አዛውንት ናቸው፤ ተቀባዩ ደግሞ በሬ፣ ጉልበትና የማዳበሪያ ገንዘብ ያለው ጎረቤት ነው። ድንበር አልፎ ወደ ጓሮ የሚገባውም አንዳንዴ እርሱ ሆኖ ይገኛል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ኪራዩ በመሬቱ የመጠቀም መብት ባላቸው የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ስምምነት እንዲሆንና በሚመለከተው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝ ነበር። ሆኖም በሽማግሌ ፊት፣ በቃል ብቻ የሚደረገው ውል ዛሬም አልቀረም። እንዲህ ያለው ውል ሲደረግ ስለ ማሳው ጥማድና ስለ ምርቱ ድርሻ በዝርዝር ይነገራል፤ ከቤቱ በስተጀርባ ስላሉት ጥቂት እግር ቡናዎች ግን እንደ ቀድሞው ማንም ምንም ሳይል ቡናው ተጠጥቶ ይነሣል።