በ17ኛው አንቀጽ የተጋረደው 3ኛው አንቀጽ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የሀብሩን ከተማ መርሳን አልፎ ሲቀጥል ውጫሌ ይደርሳል። በዚያው አካባቢ፣ በአምባሰል ምድር፣ ይስማ ንጉሥ የሚባል ስፍራ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተዋዋሉት እዚህ ነው። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር አልሞላም ነበር።

ሚያዝያ 25 በመጣ ቁጥር የምናነሳው 17ኛውን አንቀጽ ነው። ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክን አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲለው ጣልያንኛው ግዴታ እንዳደረገው ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ግን አንባቢን ወደ 3ኛው አንቀጽ መመለስ እወዳለሁ። 17ኛው የመንግሥትን ክብር ነካ፤ የገበሬውን ማሳ የነካው 3ኛው ነው።

3ኛው አንቀጽ የድንበር አንቀጽ ነው። ሐላይ፣ ሰገነይቲና አስመራ በኢጣልያ ወሰን ውስጥ እንዲሆኑ በስም ይጠራቸዋል። ጊዜው ክፉ ቀን ነበር። ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ፣ ሰዉ በረሃብ ሞቶና ተሰዶ፣ ብዙ እርሻ ጦም አድሮ ነበር። ኢጣልያኖች ይህን መሬት ባለቤት የሌለው ብለው ቆጠሩት። በአገሩ ሥርዓት ግን ርስት የዘር ነው፤ ባለርስቱ ቢሰደድም መሬቱ ይጠብቀዋል። የሰፈራው መሪ ባሮን ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ ከኢጣልያ ያስመጣቸውን ገበሬዎች ጎዶፈላሲ ላይ አሰፈረ። እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ ቅኝ ገዢው መንግሥት ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በእጁ አስገባ።

ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ብቅ የሚሉት እዚህ ላይ ነው። የአከለ ጉዛይ ሹም ነበሩ፤ ካቶሊክ ናቸው፤ ለዓመታት ከኢጣልያ ጋር አብረው ሠርተዋል። በታኅሣሥ 1887 ግን ሰገነይቲ ላይ የኢጣልያውን ሹም አስረው፣ መሬታችንን ወሰዱብን፣ ነፃ ላወጣችሁ ተነሥቻለሁ ብለው አወጁ። ከዚያም የሐላይን ምሽግ ከበቡ። የሻለቃ ቶዜሊ ጦር ደረሰባቸው፤ እዚያው ወደቁ። ነገሩ ሁሉ ያለቀው በጥቂት ቀናት ነው።

የተነሡበት ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። የኢጣልያው ገዢ ጄኔራል ባራቲዬሪ የትግራዩ የራስ መንገሻ ሤራ ነው አለ። በእርግጥ ከትግራይ ጋር መላላክ ነበረ። ነገር ግን ሰው በደብዳቤ ብቻ ሞት አፋፍ ላይ አይቆምም። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚል ሕዝብ ዓይኑ እያየ መሬቱ ሲሸነሸን ሌላ ምክንያት አያሻውም። የኢጣልያም ሥራ ይህንኑ ይመሰክራል፤ ከዓድዋ በኋላ የመጣው ገዢ ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ከተነጠቀው መሬት ብዙውን ለባለርስቶቹ መልሷል። ጥያቄው የመሬት ባይሆን ኖሮ መልሱ መሬት ባልሆነ ነበር።

የሐላይ ጭስ ወደ ኰዓቲት፣ ከዚያም ወደ አምባላጌና ዓድዋ ተዛመተ። በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባው ውል የውጫሌን ውል ሻረ፤ መሬቱ ግን ከመረብ ወዲያ ቀረ። በ1928 ፋሽስት ሲመጣ ያው ሐሳብ ተመለሰ፤ በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በወገራ ሰፋሪ ለማስፈር ተሞከረ። አምስት ዓመት አልፎ ሥር ሳይሰድ ቀረ።

ዛሬ በመርሳ ዙሪያ ያለ ገበሬ ሣጥኑ ውስጥ የመሬት ይዞታ ደብተር አለው። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል፤ በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ አዋሳኙ ማን እንደሆነ ተጽፎበታል። ይስማ ንጉሥ ላይ የተጻፈውም እንዲሁ የአዋሳኝ ጽሑፍ ነበር። ሰገነይቲና ሐላይ በ1881 በቀለም ሰፈሩ፤ በ1887 ደም ፈሰሰባቸው። ስለዚህ ወገኔ፣ የመሬት ወረቀት ፈርም ስትባል አስቀድመህ አዋሳኙን አንብብ፤ ማንበብ ባትችል አስነብብ።