በእሳት የተገራ እንጨት፦ ቀስትና ደጋን በእጅ ሙያ ታሪክ

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከሁለት የተለያዩ ዓለሞች ነው። «ነፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ለሚያስተላልፈው የሬድዮ ቴሌግራፍ የወጣ ስም ሲሆን፣ «ላፍቶ» በኦሮምኛ የግራር ዓይነት መጠሪያ ነው። አንደኛው ቃል ከውጭ የገባውን የመሣሪያ ጥበብ ሲያስታውስ፣ ሁለተኛው የአገሬው ሕዝብ ከዛፍ ጋር የነበረውን ትውውቅ ያስታውሳል። የመጀመሪያው ጥበብ በመጻሕፍት ተመዝግቦ ይገኛል። የትኛው እንጨት ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ በእሳትም እንዴት እንደሚገራ የሚያውቀው የእጅ ባለሙያ ዕውቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊ አላገኘም። የዚህን ዕውቀት ዕድሜ ከሚመሰክሩት ጥቂት ማስረጃዎች አንዱ የቀስት ታሪክ ነው።

የጥንት ግብፃውያን ከደቡባቸው ያለውን የኑብያ ምድር «ታ ሴቲ» ይሉት ነበር፤ ትርጉሙም የቀስት አገር ማለት ነው። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በጻፈው መጽሐፍ፣ በፋርሱ ንጉሥ በአኅሽዊሮስ ሠራዊት ውስጥ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ከዘንባባ የተሠራ፣ ርዝመቱ ከ4 ክንድ የማያንስ ቀስት ይዘው እንደነበር ይተርካል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ስትራቦን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ዓመት ገደማ እስከ አስዋን ድረስ ተጉዞ ነበር። እርሱም የኢትዮጵያውያን ቀስት ባለ 4 ክንድ፣ ከእንጨት የተሠራና በእሳት የጠነከረ እንደነበር ጽፏል። «በእሳት የጠነከረ» የሚለው አጭር አነጋገር ያንድ ሙሉ ሙያ መዝገብ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ በተለይ የሚያመለክቱት በዛሬው ሱዳን የነበረውን የኩሽን መንግሥት፣ ከተማውንም መርዌን ነበር። ስለዚህ የስትራቦንን ቃል እንዳለ ወስዶ የዛሬይቱ ኢትዮጵያ ታሪክ ማድረግ ከሳይንሳዊ የታሪክ አጻጻፍ ያርቃል። ይሁን እንጂ ቀስት የአንድ መንግሥት ብቻ ንብረት አልነበረም። በአባይ ሸለቆ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ቀስትን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ለአደንና ራሱን ለመከላከል ሲገለገልበት ኖሯል።

ለመሆኑ እሳት ለእንጨት ምን ያደርግለታል? ቀስት ሲሳብ ሁለቱ ገጾቹ የተለያየ ጫና ይደርስባቸዋል። ከተኳሹ ራቅ ያለው ጀርባው ይወጠራል፤ ወደ ተኳሹ የዞረው ሆዱ ደግሞ ይታመቃል። እንጨት በባሕርዩ መወጠርን ሲችል መታመቅን ያን ያህል አይችልም። በመሆኑም ባለሙያው የቀስቱን ሆድ ከፍም በላይ ይዞ ቀስ ብሎ ያሞቀዋል። ሙቀቱ በእንጨቱ ውስጥ የቀረውን ውሃ ያስወጣል፤ እንጨቱም ይገረራል፣ መታመቅንም የበለጠ ይቋቋማል። ጀርባው ግን ከእሳቱ ይጠበቃል፤ ከደረቀ ይሰበራልና።

እርጥብ እንጨት ሲሞቅ ደግሞ የሚሆነው ሌላ ነው። የእንጨትን ጭረቶች አያይዞ የሚይዘው ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይለሰልሳል፤ እንጨቱም እንደተፈለገው ይታጠፋል፤ ሲቀዘቅዝም የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። እሳት እንግዲህ እንደ አያያዙ ያለሰልሳል፣ ያጠነክራልም።

ያለ ልክ ሲሆን ግን ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በእሳት የተለበለበ የጦር እንጨት ገጹ በጥቂቱ ቢጠነክርም ጉልበቱ እንደሚቀንስና በቀላሉ እንደሚሰበር አረጋግጧል። የቀስት ሠሪው ሙያ የሚለካውም ከዚህ ጥፋት በፊት በማቆሙ ነው። ቴርሞሜትር ባልነበረበት ዘመን መለኪያው የእንጨቱ ቀለም፣ ሽታውና የባለሙያው መዳፍ ነበር።

ከንብርብር የሚሠራው ቀስት ይህን ጥበብ አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የግብፁ ንጉሥ የቱታንክአሙን መቃብር ውስጥ ከአንድ ወጥ እንጨት ከተሠሩት ጎን፣ እንጨት፣ ቀንድና ጅማት ተነባብረው የተጣበቁባቸው ቀስቶች ነበሩ። በዛሬው አሠራር ሥሥ ሳንቃዎች በኮላ ሲነባበሩ፣ ሆድ የሚሆነው ሳንቃ ከመጣበቁ በፊት ለብቻው በሙቀት ይገራል፤ ከተጣበቀ በኋላ ቢሞቅ ማጣበቂያው ሊለቅ ይችላል። ከእሳት የወጣው ሳንቃም ከአየሩ ጥቂት እርጥበት እስኪመልስ ድረስ ቀናት ያርፋል። ያለ ዕረፍት የታጠፈ እንጨት ይሰነጠቃል።

በአገራችን ጠመንጃ ቀስትን ከጦር ሜዳ ቢያስወጣውም፣ ቅርጹና ጥበቡ ከሥራና ከኪነት ጋር ኖረዋል። «ደጋን» የሚለው የአማርኛ ቃል የተኳሹን መሣሪያ ብቻ አያመለክትም። ጥጥ የሚነደፍበት ጅማት የተወጠረበት ጎባጣ እንጨትም ደጋን ነው፤ አዝማሪው የመሰንቆውን ክር የሚመታበት የፈረስ ጭራ የተወጠረበትም ደጋን ነው። አንድ ቅርጽ ለአዳኙ ፍላጻን፣ ለፈታዩዋ የጠራ ጥጥን፣ ለአዝማሪው ዜማን ሰጥቷል። ገበሬውም ከወይራ ወይም ከክትክታ የቆረጠውን ዱላ ልጦ፣ እሳት ላይ ለብለብ አድርጎ ያቃናዋል፤ ቅቤ ቀብቶም ጭስ ያጠግበዋል። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ተረትም ለልጅ አስተዳደግና ለነገር አያያዝ ከመነገሩ በፊት የእንጨት ሠራተኛ ትምህርት ይመስላል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ሳይጻፍ የቀረበት ምክንያት ሥውር አይደለም። ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸማ የሠራ፣ ቆዳ ያለፋ ሰው በገዛ ሙያው ይሰደብ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆች በሥራቸው እንዳይሰደቡ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዐዋጁ ስድብን ቢከለክልም የጠፋውን ዕውቀት ሊመልስ አልቻለም። የተናቀ እጅ የሚያውቀውን ለልጁ እንጂ ለጸሐፊ አይነግርም፤ ልጁ ሙያውን ሲሸሽ ደግሞ ዕውቀቱ ከአባት ጋር ይቀበራል።

ከ2,000 ዓመት በፊት አንድ መንገደኛ ስለ ቀስቱ የጻፈው ጥቂት ቃል ዛሬ የታሪክ ምስክር ሆኗል። ቀስቱን የሠራው ሰው ስም ግን የለም፤ የተጠቀመበት የእንጨት ዓይነትም ሆነ የእሳቱ ልክ አልተጻፈም። በየገጠሩ ዱላ የሚያቃኑና ደጋን የሚያጎብጡ አረጋውያን ዛሬም አሉ። በአዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ቤቶች ሳንቃ የሚያነባብሩ ወጣቶችም አሉ። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር፣ የኪነት ሰውም ከመሣሪያ ሠሪው ጋር ተቀምጦ እንጨቱን፣ ወቅቱንና የሙቀቱን ልክ ቢመዘግብ፣ ላፍቶ የሚለው ስም ከቦታ መጠሪያነት አልፎ የሕያው ዕውቀት መጠሪያ ሆኖ ይቆያል።