ካልተጠበቀ ውጤት የተገኘ ተስፋ፦ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕክምና አጭር ታሪክ

ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን-ማርቲን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 በፓሪስ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል የመልቲፕል ስክለሮሲስን ምልክቶች በአስከሬን ምርመራ ከታዩት የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ጠባሳዎች ጋር አያይዞ በዝርዝር ገለጸ። በሽታው ስም አገኘ፤ ታማሚው ግን ፈውስ አላገኘም። የበሽታውን ሂደት የሚለውጥ የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው ከ125 ዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የታየው ፈጣን እርምጃ ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም ከዐበይት ግኝቶቹ አንዳንዶቹ ከተጠበቀው በተቃራኒ መገኘታቸው ነው።

በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነውን ማየሊን ያጠቃል። በመሆኑም ታማሚው፣ ብዙውን ጊዜ በወጣትነቱ፣ በእይታ መቀነስ፣ በመደንዘዝ፣ በእጅና እግር መድከም ወይም ሚዛን በመሳት ይቸገራል። ምልክቶቹ ተሽሏቸው እንደገና ስለሚያገረሹም ምርመራው ሊዘገይ ይችላል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በእስራኤል ቫይዝማን ኢንስቲትዩት ሚካኤል ሴላ፣ ሩት አርኖንና ዲቮራ ታይተልባውም የማየሊንን ፕሮቲን የሚመስሉ ውህዶች ሠሩ። ዓላማቸው በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ተመሳሳይ በሽታ ማስነሣት ነበር። ውህዶቹ ግን በሽታውን ማስነሣት ቀርቶ ገቱት። ተመራማሪዎቹ ይህን እንደ ከሸፈ ሙከራ አልጣሉትም፤ ከውህዶቹ አንዱ፣ ግላቲራመር አሲቴት፣ በ1996 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከእርሱ ቀድሞ በ1993 የተፈቀደው ኢንተርፌሮን ቤታ በ372 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ የማገርሸትን መጠን በሲሶ ያህል ቀንሶ ነበር።

ይሁን እንጂ ተስፋው ያለ አደጋ አልመጣም። በ2004 የተፈቀደው ናታሊዙማብ ጄሲ ቫይረስ ከሚያስከትለው ለሕይወት አስጊ የአንጎል ሕመም ጋር በመያያዙ በ2005 ከገበያ ተነሣ፤ በ2006 ጥብቅ ክትትል ተደርጎለት ተመለሰ።

ለረጅም ጊዜ ዋናው አጥቂ ቲ ሕዋስ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። በ2008 የታተመ ጥናት ግን ቢ ሕዋሳትን የሚያጠፋው ሪቱክሲማብ በኤም.አር.አይ. የሚታዩትን ንቁ ቁስሎች በ91 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ይህ መንገድ ወደ ኦክሬሊዙማብ አደረሰ፤ እርሱም በ2017 ከመነሻው ጀምሮ እየባሰ ለሚሄደው የበሽታ ዓይነት የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። በ2022 ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ የመረመሩ ሳይንቲስቶች በኤፕስቲን-ባር ቫይረስ የተያዙ ሰዎች ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት 32 እጥፍ እንደሚጨምር ገለጹ። ይህም በሽታውን አስቀድሞ ስለ መከላከል ለማሰብ በር ከፍቷል።

እነዚህ መድኃኒቶች ግን የጠፋውን አቅም አይመልሱም፤ ጉዳቱን ያዘገያሉ እንጂ። ስለሆነም ጊዜ ወሳኝ ነው። ዋጋቸውም ለብዙ አገሮች የማይቻል ሆኖ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ግላቲራመርን፣ ክላድሪቢንንና ሪቱክሲማብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ ትልቅ እርምጃ ነው። በተለይ ሪቱክሲማብ ለሊምፎማ ሕክምና የቆየና ተመሳሳይ ምርቶች ያሉት በመሆኑ ዐቅማቸው ውስን ለሆኑ አገሮች የተሻለ ዕድል ይሰጣል። ከመጀመሩ በፊት ግን ሄፓታይተስ ቢን መመርመር ግድ ነው፤ የናታሊዙማብ ታሪክ ያስተማረውም ይህንኑ ጥንቃቄ ነው።

መድኃኒቱ በዝርዝር መስፈሩ ብቻውን ታማሚውን አያድንም። የወጣቱን ድንገተኛ የእይታ መቀነስ ወይም ሄዶ የሚመለስ ድንዛዜ ቀድሞ የሚያየው በጤና ተቋሙ ያለው ባለሙያ ነው። እርሱ በወቅቱ ጠርጥሮ ታማሚውን ወደ ነርቭ ሐኪም ካልላከ የዚህ ሁሉ ምርምር ፍሬ ዘግይቶ ይደርሳል።